ኦርቪል ልጁን ያልጠየቃት ጥያቄ

ኦርቪል ክራንትዝ ፍልስፍና ክፍል የገባው ሌላው ሁሉ ስለሞላበት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራበት የወረቀት ፋብሪካ ሲዘጋ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ለጡረታ ልጅ፣ ለአዲስ ሥራ ደግሞ ሽማግሌ የሚባልበት ዕድሜ። መንግሥት ከሥራ ለተሰናበቱት የትምህርት ወጪ እችላለሁ ሲል፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የሕንፃ ማሞቂያ ቦይለር ጥገና ሊማር ተመዘገበ። እዚያ ነው መዝጋቢዋ አንድ ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ ግዴታ መሆኑን የነገረችው።

«ሥነ ጽሑፉ ሞልቷል፣ ሙዚቃውም ሞልቷል» አለችው ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል። «የቀረው የጥንት ግሪክ ፍልስፍና ብቻ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

«እሱ ብቻ ለምን ሳይሞላ ቀረ?»

«ጌታዬ፣ ከኋላዎ ሰልፍ አለ።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ለአርሊን ሲነግራት ሳቀ። አርሊን ግን አልሳቀችም። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን ያዝ አድርጋ ለአፍታ አየችውና ወደ ድንቿ ተመለሰች። እሱም ደክሟት ይሆናል ብሎ አለፈው።

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የጥር ብርድ አጥንት ሰብሮ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ኦርቪል የፋብሪካውን ወፍራም ጃኬት ለብሶ ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል። የክፍሉ ልጆች አሥራ አንድ ናቸው፤ ትልቁ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። መጀመሪያ ቀን መምህር መስሏቸው ነበር። ተማሪ መሆኑን ሲያውቁ «ጋሼ ኦርቪል» ማለት ጀመሩ፤ ግማሹ ከአክብሮት፣ ግማሹ ከተረብ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ። ግን ያነብ ነበር። ማንበቡ ራሱን አስገረመው። መርዝ ጠጥቶ የሞተው የአቴንሱ ሽማግሌ፣ ሶቅራጥስ፣ የሆነ ቦታ ላይ ያዘው። ጫማ የሌለው፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ ሰውን በጥያቄ የሚያደርቅ ሰው። ፋብሪካው ውስጥ እንደዚህ ዓይነት አንድ ሰው ነበር፤ ማንም አብሮት ምሳ አይበላም ነበር።

በአራተኛው ሳምንት መምህርቷ፣ ወይዘሮ ሐልቮርሰን፣ መጽሐፉን ዝጉት አለች። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ሁልጊዜ የልጅ ልጅዋ የሠራላትን የሱፍ ሹራብ የምትለብስ ሴት ነች።

«ዛሬ ከግሪክ እንውጣ» አለች። «እዚህ፣ እኛ አገር ውስጥ፣ ፍልስፍና ቦታ አለው ወይስ የለውም?»

ኮልተን እጁን ሳያወጣ ተናገረ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ትከሻው በር የሚያህል። «መምህርት፣ እውነቱን ልናገር? አባቴ ሁለት መቶ ላሞች አሉት። ላም ምጥ ሲጠናባት ሶቅራጥስን አትጠራም። የእንስሳት ሐኪም ነው የምትጠራው።»

ክፍሉ ሳቀ። ማይ ሾንግ የምትባለው የነርስነት ተማሪ ግን ዞር አለችበት። «እሺ፣ ላሚቱ ወለደች። ከዚያስ በኋላ ምን ታስባለህ?»

«እተኛለሁ!»

«ችግርህ ይኸው ነው» አለች ማይ፤ ሁሉም እንደገና ሳቁ። «እኔ አያቴ ከላኦስ ሲመጡ ማንበብ አይችሉም ነበር። ግን ከጓደኞቻቸው ጋር ቁጭ ብለው፣ ሰው ሲሞት ነፍሱ ወደተወለደበት ቤት በየት በኩል ነው የምትመለሰው እያሉ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። ባሕር ማቋረጥ ትችላለች? አትችልም? እሱ ፍልስፍና ካልሆነ ምንድን ነው? እዚህ አገር ግን ሰው ሲተዋወቅህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ምን ትሠራለህ ነው። ነርስ እሆናለሁ ስል ሁሉም ደስ ይለዋል። ምን እያሰብሽ ነው ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።»

ወይዘሮ ሐልቮርሰን ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አቴናውያን ሶቅራጥስን ገደሉት። እኛ ጋ ቢመጣ ምን እናደርገው ነበር?»

«ኧረ እኛ አንገድለውም» አለ ኮልተን። «ይሄ ነገር ምን ይሠራልሃል ብለን፣ ስቀንበት ነው የምናልፈው።»

«እሱማ ይብሳል» አለች ማይ። «መርዝ የሰጡት ሰዎች ቢያንስ የሚለውን ነገር ከቁም ነገር ቆጥረውታል።»

ሌሎቹ መከራከር ቀጠሉ። ኦርቪል ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። ከዚያ፣ እንደሚናገር እንኳ ሳያውቅ፣ «እኔ ስቄ አውቃለሁ» አለ።

ኮልተን ቀልድ መስሎት «በማን ጋሼ?» አለ።

«በልጄ።»

ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀውም። ወይዘሮ ሐልቮርሰን ስለሚቀጥለው ሳምንት ንባብ በቀስታ መናገር ጀመረች።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ አሜሪካውያን በኅዳር ከቤተሰብ ጋር በሚያከብሩት በምስጋና ቀን ነው። ብቸኛ ልጃቸው ኮሪን ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ከክራንትዝ ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። የኦርቪል ወንድም ሌስተር ከነቤተሰቡ መጥቷል፣ ጎረቤትም አለ፣ የበዓሉ የተርኪ ዶሮ ጥብስ ተቆርጧል። ኮሪን ሹካዋን አስቀምጣ፣ የንግድ ሥራ ትምህርቷን ትታ ወደ ፍልስፍና መዞሯን ነገረቻቸው። ፊቷ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

ኦርቪል ቢራውን እንደያዘ «ፍልስፍና?» አለ። «ስትመረቂ የፍልስፍና ሱቅ ልትከፍቺልን ነው?»

ሌስተር ተቀበለው። «እውነትን በፓውንድ ነው በደርዘን የምትሸጪው? ለቤተሰብ ቅናሽ ይኖራል?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ኮሪንም አብራቸው ሳቀች። ኦርቪልን ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ አብራ መሳቋ። ከዚያ ተነስታ ጣፋጩን የዱባ ፓይ ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች። በጥር ወደ ንግድ ሥራ ትምህርቷ ተመለሰች። ኦርቪል ለፋብሪካ ጓደኞቹ «አንዲት ቀልድ፣ አበቃ! ልጅቷን ከገደል አፋፍ መለስኳት» እያለ ስንት ጊዜ እንዳወራው እሱ ራሱ አያውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ግን አፉ ማምለጡን ሳያውቅ አሥራ ስምንት ዓመት ኮራበት።

ክፍል ውስጥ ያን በተናገረበት ሐሙስ ቤት ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ለአርሊን ነገራት።

«አሁን ነው የገባህ?» አለችው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ፓይ ልታመጣ ስትገባ ተከትያት ገባሁ። እየቆረጠች ታለቅስ ነበር። ሽንኩርት ነው አለችኝ። ለፓይ ሽንኩርት ይከተፋል እንዴ፣ ኦርቪል?»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

አሰበበት። ምን ይላት እንደነበር በደንብ ስላወቀው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በትጋት ተማረ፤ በልጅነቱም እንደዚህ ተምሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። መጽሐፉን እየመላለሰ አነበበው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፈ። ማይና ኮልተን ከክፍል በኋላ ካፊቴሪያ ይዘውት መሄድ ጀመሩ፤ ኮልተን ይከራከራል፣ ማይ ታሸንፈዋለች፣ ኦርቪል ያዳምጣል። አንድ ቀን ማይ «ለልጅዎ ይደውሉላት እንጂ» አለችው። እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም ብሎ፣ በሚያዝያ አንድ ዓርብ ቀን መኪናውን አስነስቶ ልጁ ወደምትኖርበት ወደ ሚልዋኪ ከተማ ነዳ።

ኮሪን አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ የተጎዱ መኪኖችን እያየች ጉዳታቸውን ትገምታለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከአንዲት ድመት ጋር። ለምሳ ሐይቁ ዳር ካለ ምግብ ቤት ወሰደችው፤ ዓርብ ስለሆነ እንደ አገሩ ልማድ የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ።

«እማዬ አመማት እንዴ?» አለችው ገና ሳይቀመጥ። «አባዬ፣ ያለ ነገር ሁለት ሰዓት ተኩል አትነዳም።»

«ማንም አልታመመም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።» ከኪሱ ጥያቄውን የጻፈበትን የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሳያየው መለሰው። «ሶቅራጥስ ከእስር ቤት ማምለጥ ይችል ነበር አይደል? ጓደኞቹ ሁሉን አመቻችተውለታል። ለምንድነው የቀረው?»

ኮሪን ሹካዋን አስቀመጠች። «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«ክፍል ውስጥ። እየተማርኩት ነው።»

«ቦይለር አይደለም እንዴ የምትማረው?»

«እሱንም።»

ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንደ ልጅነቷ። ኦርቪልም ሳቀ። ያቺን ደቂቃ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሷታል፤ ሁሉም ነገር የሚስተካከል የመሰለባትን ደቂቃ።

«በይ ንገሪኛ» አላት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ኮሪን ወደ ሐይቁ አየች። ነፋስ ውሃውን ያስጨንቀዋል። «አላውቅም አባዬ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። ተምረሽዋል።»

«አንድ ሴሚስተር ብቻ። እሱም ስንት ዘመን ሆነው።»

ኦርቪል ዓሣው ፊቱ እንደቀረበ አልነካውም። «ኮሪን፣ ያን ጊዜ፣ በምስጋና ቀን... የሠራሁትን አውቄዋለሁ። ስቄብሽ ነበር።»

«ሁሉም ስቋል።»

«የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የናፕኪኗን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። «ይቅር ካልኩህማ ቆየ» አለች በመጨረሻ። «ከማዲሰን በአውቶቡስ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር፣ ታውቃለህ? እናንተ ስትጠይቁኝ ምን ብዬ እንደማስረዳችሁ። አስቸጋሪ ቃላት እያወጣሁ፣ አባዬ በሚገባው ምሳሌ እየቀየርኩ። ስለ ፋብሪካው እንኳ ምሳሌ ነበረኝ። አንድ ሰው ብቻ ‹ስለ ምንድን ነው እሱ?› ቢለኝ ብዬ።»

«አሁን ልጠይቅሽ» አለ ኦርቪል። «ስለ ምን ነበር?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። ሲያያት ትፈልጋለች፤ ዓይኗ እንደጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ዓይን ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ቆመ።

«ረስቼዋለሁ» አለች።

«ልትቀጪኝ ከሆነ፣ ይገባኛል።»

«አይደለም፣ አባዬ። እውነቴን ነው። ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለመርሳት በጣም ነው የደከምኩት፤ ተሳካልኝ።»

መጽሐፉን ይዞላት መጥቶ ነበር፤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አንዴ ከፈተችው። የእሱን የእርሳስ ጽሑፍ አየች፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ የተንጋደደውን። ጣቷን በላዩ አሳለፈችበት። ከዚያ ዘግታ ወደ እሱ ገፋችው።

«ላንተ ይሁን» አለች። «ፈተና አለብህ።»

ከሰዓት በኋላ በበረዶ ድንጋይ የተቀጠቀጡ መኪኖች ይጠብቋት ነበር። መኪናው ድረስ ሸኝታ አቀፈችው፤ አጥብቃ አቀፈችው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ታላቅ። ቂም የለባትም። ቂም ቢኖራት ይቀለው ነበር፤ ቂም የሚካስ ነገር አለው። ግማሽ መንገድ ላይ ኦርቪል መኪናውን ከዳር አቁሞ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ የጭነት መኪኖች አጠገቡ እያጓሩ ሲያልፉ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ትምህርቱን ጨረሰ። የመጨረሻ ጽሑፉን የጻፈው፣ ሰው የሚሰማው ቢኖርም ባይኖርም የሚያስበውን መናገር አለበት ወይ በሚለው ላይ ነበር። ወይዘሮ ሐልቮርሰን ከሥሩ ረጅም ነገር ጻፈችለት፤ ለአርሊን እንጂ ለማንም አላሳየውም። በቀጣዩ ዓመት በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት የቦይለር ሥራ አገኘ። ማይ እዚያው ላይኛው ፎቅ ነርስ ሆና ገባች፤ አንዳንዴ ሳንድዊቿን ይዛ ትወርድና ቧንቧዎቹ መሐል ቁጭ ብለው ያወራሉ። ኦርቪል ጎበዝ ጠያቂ ሆኗል። እሷ ስታወራ ግን አልፎ አልፎ ዓይኑ ውሃ ይሞላል። ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አይታ እንዳላየ ትቀጥላለች።

ኮሪን እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስለ አየሩ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ እናቷ ጉልበት ይነጋገራሉ። ኦርቪል ከቀድሞው ይልቅ ዝም ማለት ለምዷል፤ ቦታ ይተውላታል። አንዳንድ ቀን ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማዋል፣ አንድ ነገር ልትጀምር የፈለገች ይመስላል።

«አቤት?» ይላታል።

«ምንም፣ አባዬ» ትለዋለች። «በል፣ እማዬን አቅርብልኝ።»