ጡረተኛው ልብስ ሰፊና አልወጣ ያለው ሞተር

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ እቤት ከዋለ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት የሠራው ነገር ቢኖር ግቢው ውስጥ በሸራ የተሸፈነችውን የአባቱን አሮጌ መኪና እየዞረ ማየት ነው። አባቱ ታክሲ ሲሠሩባት ኖረዋል፤ መሪ ያስጨበጡትም እዚያችው ላይ፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው። አሁን ሞተሯ ደርቆ ቀጥ ብሏል። እሱ ወጥቶ ካልታደሰ መኪናም አይደለች፣ የዶሮ ማደሪያ ነች።

የዶሮ ማደሪያ ያለቻት ሚስቱ ነች። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች አዋላጅ ናት፤ ቀልድ የሚባል ነገር አታውቅም። ልብስ ማስጫ ቦታ አጣሁ ስትል ከርማ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው። እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩ ካልወጣ፣ ሰኞ ጠዋት ብረት ገዢው መጥቶ መኪናዋን ይወስዳታል። ሰውዬውንም ቀጥራዋለች። ልብስ ሰፊው ክው አለ። እሷ ካለች አለች ነዋ!

እሑድ በጠዋት የሚስቱን ወንድም ጠራው። ይሄኛው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈርተኛው አቶ አውቃለሁ ይለዋል። ከአንድ ጋራዥ የሰንሰለት ማንሻ ተውሶ መጥቶ ከመኪናዋ በላይ ባቆሙት የብረት እግር ላይ ሰቀለው። ልብስ ሰፊው ግን ሥራውን በለመደው መንገድ ጀመረ። ቡሎን በፈታ ቁጥር ባለቀለም ክር ያስርበታል፤ የፊተኛው ቀይ፣ የኋለኛው ሰማያዊ፣ ከየት እንደመጣ የረሳው ደግሞ አረንጓዴ። ከሁሉም ቀድሞ ያለቀው አረንጓዴው ክር ነበር። ብቻ ራዲያተሯን አወጣ፣ ቱቦዎቿን ነቀለ፣ ስፌት እንደሚተረትር ሰው ዓይኑ ያየውን ሁሉ ፈታ። ጉዱም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ ያየውን ብቻ ነው የፈታው።

ከሰዓት በኋላ ሰንሰለቱን መሳብ ጀመሩ። ሞተሩ አንድ ስንዝር ተነሣና ቆመ። ሲጨምሩበት እሱ ንቅንቅ አላለም፣ መኪናዋ ግን አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አብራው መነሣት ጀመረች። አቶ አውቃለሁ ጉልበት አንሶን ነው ብሎ ፈረደ። ላባቸው ጠብ እስኪል ሳቡ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ወደ ሰማይ ልትልኳት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ሰንሰለቱን እንደያዘ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ አባቱ ዳግመኛ ሊሞቱበት የደረሱ መሰለው፤ እንባው መጣ።

ይሄኔ ሚስቱ የደረቀ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች፤ ያየችውን አየችና ቅርጫቱን አስቀመጠች።

«ተዉ፣ አትሳቡ» አለች። «በግድ የሚወጣ ነገር የለም።»

ወንድሟ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት በዓይኗ ዘጋችው። ሰንሰለቱን ጥቂት አላላች። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች፤ ቅባትና ጥላሸት ውስጥ ልትነክረው! ክንዷን ከሞተሩ ሥር ሰደደች፣ ዓይኗን ጨፍና ዳበሰች።

«እትብቱ ሳይቆረጥ ነው እንዴ የምትጎትቱት?» አለች።

ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የተገመደ ሽቦ ከሥር ቀርቷል፤ ከአጠገቡ ደግሞ አንድ ቡሎን። ሁለቱንም አስፈታቻቸው። አንዱን ቀስ በል፣ ሌላውን ጀርባውን ደግፍ፣ ፊቱን ቀና አድርጉት እያለች አዘዘች። ሞተሩ ዘንበል አለና ሹልክ ብሎ ወጣ። በንጹሕ ጨርቅ ጠራረገችው። ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ይህን ባልም ሚስትም ያውቃሉ።

ልብስ ሰፊው እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ብረት ገዢው በሩን ሲያንኳኳ ከአልጋው ዘሎ ተነሣ። ሚስቱ ቀድማው ወጣች። ሰውዬው የሚወስዳት መኪና የቷ እንደሆነች ሲጠይቅ በሩን ይዛ ቆመች።

«በእኔ እጅ ወጥቶ የተጣለ የለም» አለችው። «ደህና ዋል።»

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም አይታው እንዳላየች ሆና አለፈች።