አበልጅን ቁልፍ አይጠይቁም

ወንድሜ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነው። የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበርም ነበር። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «አያ» ነው የምለው። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። የገና ጾም ሲገባ ወደ ቤት የሄድኩት ለዕረፍት እንጂ ለሥራ አልነበረም።

ማኅበሩ እንግዳ የሚያከፋፍለው በተራ ነው። ድሮ አስጎብኚዎቹ ጠዋት ጠዋት ትኬት መቁረጫው አጠገብ ይሰበሰቡና አንድ አንጋፋ ተራ ይጠራ ነበር። እንግዳው ጣሊያንኛ ተናጋሪ ከሆነ ቋንቋውን የማይችለው ተረኛ ይታለፋል። የታለፈው ነገ ይቀድማል ወይስ ተራው ተቃጠለ በሚል ጠብ ያልተነሣበት ጠዋት ጥቂት ነው። ይህን ጠብ ያስቀረው ሲስተም ነበር። እንግዳው ከአገሩ ሳይነሣ በማኅበሩ ድረ ገጽ ይመዘገባል፣ ሲስተሙ ቋንቋውን አይቶ ተረኛውን ይመድባል፣ ለተረኛው በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። እንግዶች ስለ አስጎብኚዎቹ የጻፉት ምስጋናም እዚያው ይቀመጣል። የውጭ ሰው ማኅበሩን የሚያውቀው በዚያ ድረ ገጽ ስም ብቻ ነው።

ሲስተሙን የሠራላቸው የወንድሜ አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣለት። ጎረቤታችን ሆኖ ያደገ፣ እናቴ «ሌላው ልጄ» የምትለው፣ እኔንም እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ የነበረ ሰው ነው። ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ በነጻ ሠራላቸው፤ ማኅበሩም ቆሞ መረቀው።

በሥራዬ ስለ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ብዙ ዘግቤያለሁ። ያየኋቸው ሲስተሞች የወደቁት በአብዛኛው ማሽን ተበላሽቶ አይደለም። የሲስተሙ ባለቤት ማን ነው? ዋናው የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? ቅጂው የት ተቀምጧል? ሠሪው ቢሄድ ማን ይረከባል? ይህን ማንም ስላልጠየቀ ነው የወደቁት። ላስታ ውስጥ ግን አበልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ልጅህን ክርስትና ያነሣልህን ሰው «ቁልፉን ለሌላም ሰው ስጥ» ብትለው ወይ «አላምንህም»፣ ወይ «ብትሞትስ» ማለትህ ነው። ሁለቱም ከአፍ አይወጡም።

ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ አበልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ሲስተሙን ከዚያ ሆኖ ያንቀሳቅስ ጀመር። «ኔትወርክ ሲመለስ እመልስላችኋለሁ» ብሏቸው ነበር። ኔትወርኩ ተመለሰ፤ እንግዳም ጥቂት በጥቂት መምጣት ጀመረ። አስጎብኚዎቹ ስልክ ላይ ግን ምንም አልመጣም።

የሄድኩ ሰሞን ሁለት አስጎብኚዎች ወንድሜ ቤት መጡ። አንደኛው ቀልደኛ ነው፤ ጣሊያንኛ የተማረው ለዚሁ ሥራ ሲል ነው።

«የኔ ስልክ የሚጮኸው ሚስቴ ስትፈልገኝ ብቻ ሆነ» አለ።

«እሷስ በየትኛው ቋንቋ መደበችህ?» አለው ጓደኛው።

«በቁጣ።»

ሳቁ። ወዲያው ግን ቀልደኛው ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «የሳቅን አይምሰልህ። የዘንድሮው ገና እንዲሁ ካለፈ እኔ ልጆቼን ይዤ ከዚህ አገር እወጣለሁ» አለው። ወንድሜ ሲስተሙ ተበላሽቶ እንደሆነ፣ እየተሠራም እንደሆነ ነገራቸው።

እኔ ስልኬን አውጥቼ ድረ ገጹን ከፈትኩት። አልተበላሸም። ፎቶዎቹ የነሱ ናቸው፤ ወንድሜ ራሱ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ይታያል። ምስጋናዎቹም የነሱ ናቸው። ከታች ያለው ስልክና የድርጅት ስም ግን የማኅበሩ አይደለም። እንደ እንግዳ ሆኜ ጥያቄ ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፦ «አስጎብኚያችን አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበልዎታል።» የፈረመው የወንድሜ አበልጅ ነው።

አንድ ምንጭ አይበቃኝም። በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የኮን ከተማ ልጅ ናት፤ ለሥራ መጥታ ነው ላሊበላ የቀረችው። ኮምፒውተሩን ከፍታ አሳየችኝ።

«እኔ ማየት ብቻ ነበር የሚፈቀድልኝ። አሁን እሱንም ከልክሎኛል። ‹ፈቃድ የለዎትም› ይለኛል።»

«ለማን ነገርሽ?»

በሩን ገርበብ አደረገችው። «ለሊቀ መንበሩ ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

«መስቀል ሳይደርስ። ‹ለአባላቱ እንዳትነግሪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ› አሉኝ።»

ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ አገኘሁትና አብሬው ሄድኩ።

«አያ፣ ድረ ገጹን ማን እንደወሰደው ታውቃለህ?»

«አንቺ ለዕረፍት አይደለም እንዴ የመጣሽው?»

«ታውቃለህ ወይ?»

«አውቃለሁ።»

«ጠይቀኸዋል?»

«አበልጄን? ምን ብዬ?» ቆመ። «ይመልሰዋል ብዬ እየጠበቅሁ ነው፣ እታለም። ሰውዬው ክፉ አይደለም።»

«እየጠበቅሁ ነው» የሚል መልስ ከብዙ ሹም ሰምቻለሁ። ከወንድሜ አፍ ስሰማው ግን አመንኩት።

ነገሩ አባላቱ ጆሮ ደረሰ፤ ለወንድሜና ለአበልጁ ነፍስ አባትም ተነገረ። የሁለቱም ነፍስ አባት አንድ ናቸው። አበልጁ እንግዶች ይዞ የመጣ ቀን ቄሱ ሁለቱን ቤታቸው ጠሩ። ቀልደኛው አባላቱን ወክሎ መጣ፤ እኔም ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አሉት ቄሱ፣ «የሰው ነገር እጅህ ላይ አለ ይሉኛል።»

«አባ፣ የሰው ነገር አልያዝኩም። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በኔ ነው፤ የማሳድሰውም እኔ ነኝ። ሲስተሙን የሠራሁትም እኔ ነኝ።»

«ለነሱ አይደለም የሠራኸው?»

«ለነሱ ነው። ግን ተረክበዋል? አስረክበን ያለኝ ሰው አለ?»

«አደራ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ አባ። አደራ የሰጠ ሰው ግን መልስልኝ ይላል። እስኪ አበልጄን ይጠይቁልኝ፤ አንድ ቀን መልስ ብሎኛል?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። ቄሱ ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ።

«እንዲያውም» አለ አበልጁ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ከመስቀል ወዲህ የላክሁልህን እንግዶች ስትቀበል መቼ ቅር አለህ? የኔ ድርጅት እንግዳ መሆናቸውን አላወቅህም ነበር?»

ወንድሜን አየሁት። ይክዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲክድም ፈለግሁ። አልካደም፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

ቀልደኛው ቀስ ብሎ፣ «ለካ ያንተ ስልክ ይጮህ ኖሯል» አለው። ቄሱን ተሳልሞ ወጣ።

የድረ ገጹ ስም አልተመለሰም። ቄሱ ገዘቱ፣ ለመኑም። አበልጁ የሚችለው የአስጎብኚዎቹን ፎቶ ከድረ ገጹ ላይ ማጥፋት ብቻ እንደሆነ ተናገረ፤ ፎቶዎቹንም አጠፋ። እንግዳ የሚያመጣው ግን ፎቶው ሳይሆን ስሙ ነበር።

ማኅበሩ ተሰብስቦ ወንድሜን ከሊቀ መንበርነት አወረደ። ከዚያ በአዲስ ስም አዲስ ድረ ገጽ ለመክፈት ተስማሙ። ዋናውን የይለፍ ቃል ሦስት ሰዎች እንዲይዙት፣ ሦስቱም እርስ በርስ ዘመድ ወይም አበልጅ እንዳይሆኑ ተወሰነ። ሰዎቹን መምረጥ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። አንዱ ሲጠቆም፣ «የሱን እናት ክርስትና ያነሡት አያቴ ናቸው» የሚል ይነሣል፤ ሌላው ሲጠቆም ሚስቱ የሌላ ተጠቋሚ ሚስት እህት ሆና ትገኛለች።

«ከላይ ከሰማይ እናስመጣ እንዴ?» አለ ቀልደኛው።

«ከኮን ይበቃል» አለ አንድ ሽማግሌ፤ ጸሐፊዋ ቀድማ ተመረጠች።

«በዚህ ከተማ ዘመድ ማጣት የጠቀመኝ ገና ዛሬ ነው» አለች።

አዲሱ ድረ ገጽ ተከፈተ። በአዲሱ ስም የሚፈልጋቸው እንግዳ ግን ለገና አልደረሰም። ምእመናኑ በእግርም በመኪናም ከተማውን ሞሉት፤ እነሱ ግን ለመሳለም እንጂ ለመጎብኘት ስላልመጡ አስጎብኚ አይሹም። ቀልደኛው በዓሉን ትኬት መቁረጫው አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ጥምቀት ሳይደርስ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ።

የገና ዕለት ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ወንድሜን አየሁት። የአበልጁን ድርጅት እንግዶች ይመራ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቱን ወደ እንግዶቹ መልሶ ስለ መስኮቶቹ ቅርጽ ማስረዳቱን ቀጠለ። ድምፁ አልተለወጠም፤ ጎበዝ አስጎብኚ ነው።

ቤት ስመለስ እናቴ ጠየቀችኝ። ስለ ድረ ገጹ ያስረዳት ሰው የለም፤ የሰማችው ሁለቱ ልጆቿ ትንሽ ተቀያይመው እንደነበር ብቻ ነው።

«ወንድምሽን አየሽው?»

«አየሁት። ሥራ ላይ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከአበልጁ ጋር።»

«ተመስገን» አለች እናቴ፣ ደስ ብሏት። የሁለቱንም ምሳ አንድ ላይ ማሰናዳት ጀመረች።