የአባቷ ጥምጥም

ዓረብ አገር፣ አል ሙዋሌህ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ለቱሪዝም ተማሪዎች የሚሰጠውን የኮምፒውተር ትምህርት እንደ አዲስ እንዳዘጋጅ ተሰጠኝ። የድሮው የማሽን ዕቃ ስም ማሸምደድ ነበር፤ ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ኻላስ፣ ይረሳል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማሽን አይከፈትም አልኩ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ያ ክፍል ዛሬ እንዴት እንደሚናፍቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ ዪቲ ከሚባል ሩቅ መንደር እየተመላለሰች ሁልጊዜ የምታረፍድ። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ካረፈድሽ ከትምህርቱ ትሰረዣለሽ አልኳት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ወጥሬ ስይዛት ነው ያወጣችው። እናቷ በሕይወት የለችም። የአባቷ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሙሳር የሚሉትን የራስ ጥምጥም ጠዋት ጠዋት የምታስርለት እሷ ናት። አባቷ ደግሞ ሳይጠመጥም ከሰው ፊት ከሚወጣ ሞቱን ይመርጣል። ታናሽ እህቷ ሞክራ አልሆነላትም። ስለዚህ ትምህርቱን ልትተው ቆርጣለች። አንጀቴን በላችው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሙሳር ይዤ ገባሁ። አስተሳሰሩን ምንም ለማታውቅ ማሽን ጻፉላት፣ ማሽኗ እኔ ነኝ አልኳቸው። አንዱ ጨርቁን ራስሽ ላይ አድርጊ ብሎ ጻፈ፤ እንደታጠፈ ከሂጃቤ ላይ ጭኜው ቆምኩ። በሳቅ ፍርስ አሉ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ጨርቁ ከየት ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ጫፉ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ፣ ከላላ ወደየትኛው መስመር እንደሚመለሱ አንድ በአንድ አስቀመጠችው። እንዳለችው አደረግኩ። መስታወት አቀበሉኝ፤ ወላሂ፣ ቁጭ ብሏል! ወረቀቱን ለእህትሽ ውሰጂላት አልኳት።

ከዚያ በኋላ በነበረን ክፍለ ጊዜ ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ደስ ብሏት አገኛታለሁ ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ኡስታዛ፣ ዛሬ አባቴ ያለ እኔ ወጣ» አለችኝ።

ጎበዝ ልላት አፌን ስከፍት የራሴ አባት ትዝ አለኝ። ደሴ ትቼው ከመጣሁ ወዲህ፣ የእኔም አባት ያለ እኔ መውጣት ከጀመረ ስንት ዓመቱ። ቁልፉ እጄ ላይ እንዳለ፣ በሩን ሳልከፍት አቅፌያት አለቀስኩ።