ሰማንያ አራት ሳጥን በአንድ ከፍታ

ረሒማ ከወሎ መጥታ ዓይደር ሰፈር፣ ከባጃጅ ተራው ጎን፣ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ከከፈተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ኮምፒውተር ያስተማራት የለም፤ እየነካካች፣ እያበላሸች፣ እየተሳደበች ተማረችው። የሰፈሩ እድር ግን እስካሁን አላስገባትም። በጠየቀች ቁጥር "እናያለን" ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያዩ ዐይናቸው አልደከመም።

ዘንድሮ ሊቀመንበሩ ኣቦይ ኣለምሰገድ የአባላቱን መጽሐፍ እንድታዘጋጅ ሰጧት። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ፤ በገጹ ላይ ፎቶ፣ ከፎቶው በላይ ስሙ የሚገባበት ሳጥን።

"አሳምሪልን ጓለይ፤ እሁድ በስብሰባው ያንቺን ነገር እናነሳለን" አሏት።

የሰማንያ ሦስቱን አባላት ሳጥኖች አንድ በአንድ በማውስ እየጎተተች፣ በዐይን ግምት አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ ሰማንያ አራተኛ ገጽ ጨምራ የራሷን ስም ጻፈችበት። ተስፋ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሐሙስ የእሷን ገጽ አስቀርታ ለማሳያ አትማ ሰጠች። ዓርብ ጠዋት ሱቋ በአባላት ሞላ።

"ስሜ ለምን ወረደ?" አሉ ኣደይ ኣሰለፈች፣ የልብስ ስፌት ሜትራቸውን ዘርግተው። "የሃይለማርያም በአንድ ጣት ይበልጠኛል። በየለቅሶው ስንት ዘመን ያነባሁት እኔ።"

"እጄ ስቶ ነው፣ ኣደይ።"

"እጅሽ ሃይለማርያም ላይ ሲደርስ ለምን አልሳተም?"

የእሳቸውን ከፍ አደረገች። ሃይለማርያም ማስመሪያ ይዞ መጣ፤ የእሱንም ከፍ አደረገች። ሌላው ተከተለ፤ የተበለጠውም ተመልሶ መጣ። እስከ ቀትር የአስራ አንድ ሰው ስም ሲወጣ ሲወጣ የኣደይ ኣሰለፈች ስም አናቱ ተቆርጦ ታተመ፤ ወረቀቱ ከላይ አልቆበት። ሬሳ ሲሸከሙ ትከሻ ለትከሻ የሚገጥሙ ሰዎች፣ ወረቀት ላይ ሲደርሱ በጣት ይለካካሉ።

ረሒማ በሩን ዘጋችና ፕሮግራሙን ስትበረብር ስታይል የሚባለውን አገኘችው። የሳጥኑን ቦታ አንዴ ይነግሩታል፣ ሁሉም ሳጥን ይታዘዘዋል። "ከገጹ ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር፣ መሃል ለመሃል" አለችው፤ የስታይሉንም ስም "እኩል" አለችው። ከዚያ በእጅ የጎተተችውን ሁሉ እየሰረዘች ሰማንያ አራቱንም ለ"እኩል" አስገዛች። ይህን ሐሙስ ባለማወቋ ራሷን በደንብ ሰደበች።

ቅዳሜ ኣቦይ ኣለምሰገድ መጡ። ሜትር አልያዙም፤ ሊቀመንበር ናቸው።

"ጥሩ ነው፣ እኩል ሆኗል" አሉና ድምፃቸውን ቀነሱ። "የኔን ብቻ ግማሽ ጣት ከፍ አድርጊው። ማንም አይነቃም።"

"እሺ ኣቦይ።"

"እኩል" ላይ ያለውን ቁጥር ቀየረችው። ስማቸው ከፍ ሲል ፊታቸው በራ። የሚቀጥለውን ገጽ አስገለጧት፤ የኣደይ ኣሰለፈችም ወጥቷል።

"እነዚህን ማን ውጡ አላቸው?"

"እርስዎ ሲነሱ ይነሳሉ። የአንድ እድር ሰዎች አይደሉ?"

"እንግዲያው እነሱን አውርጂ።"

አወረደች። እሳቸውም አብረው ወረዱ። የአንዱን ብቻ በማውስ መጎተት እንደሚቻል አልጠየቋትም፤ እሷም አላወራችም። ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ሦስት ጊዜ ወረዱ፣ እድሩ በሙሉ ተከትሏቸው። በመጨረሻ ሲያስገልጧት ሰማንያ አራተኛው ገጽ ላይ ደረሱ።

"ይቺስ?"

"እሷም አብራችሁ ስትወጣና ስትወርድ ነው የዋለችው፣ ኣቦይ።"

ኣቦይ ኣለምሰገድ ስክሪኑን ብዙ አዩት። "ይህን ሁሉ ከደከመች አሁን እንዴት ውጪ ትባላለች" አሉ በመጨረሻ። "ከነገጿ አትሚው። ነገ ሜትር ይዞ ለሚመጣ ግን መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ።"