ሙቀት የሚያይ ዓይን

ጋሽ ባዩ ትምህርት ጠልተው አያውቁም፤ ጊዜ ነው ያልሰጣቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ አምስተርዳም ውስጥ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ቢወጡ፣ ባለቤታቸው እትዬ የትነበርሽ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣዱትን ረሱ፤ ቀጥሎ የልጃቸውን የሐምራዊትን ስም። ከዚያ በሩን ከፍተው መውጣት መጣ። የሚኖሩበት ሰፈር ኦስዶርፕ ደግሞ ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እንኳን ለረሳ ላልረሳም ያደናግራል!

አንድ ቀን ጠፍተው ፖሊስ ይዟቸው መጣ። ሐምራዊት ያን ዕለት ቁርጡን ተናገረች።

"ፓፓ፣ ዳግመኛ ከጠፋች ፈርፕሌይግሃውስ ትገባለች። አንተም አልቻልክም፣ እኔም ሥራ አለኝ።"

መጦሪያ ቤቱን ማለቷ ነው። ጋሽ ባዩ "እኔ በቁሜ እያለሁ ሚስቴን ማንም አይወስዳትም" አሉ። በር ሊቆልፉባቸው ደግሞ አንጀታቸው አልቻለም፤ እስረኛ አይደሉ።

እናም ወደ በሩ ሲሄዱ የሚጮህ ደወል ልሥራ ብለው በሰባ ዓመታቸው ኤሌክትሮኒክስ ጀመሩ! የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቦና መበየጃ ይዘው የሚውሉ ጡረተኞች አሉ፤ ሄደው ተቀላቀሉ። ጣታቸውን አቃጠሉ፤ ሴንሰር ከሚሉት ጠቋሚ ዕቃ አንዱን ገልብጠው በይደው አጨሱት። አልተዉም። "እንዴት ይሠራል" አይበቃቸውም፤ "ለምን" እያሉ ሆላንዳዊውን አስተማሪ መከራውን አበሉት። በመጨረሻ ገባቸው፦ ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ዓይን የማያየው ብርሃን ይረጫል፤ የሰው ገላ ከግድግዳው ስለሚሞቅ፣ ሲያልፍ ሴንሰሩ ለይቶ ያየዋል። ደስታቸውን ብታዩ! ቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ሁሉ "አንተም እኮ ታበራለህ" እያሉ ያስቁ ነበር።

መሣሪያውን ኮሪደሩ ላይ ሰቀሉት። እትዬ የትነበርሽ ወደ በሩ ባለፉ ቁጥር ወጥ ቤት ያለው ደወል ይጮሃል። ጋሽ ባዩ ከተፍ ይሉና "ነይ እስቲ፣ ትንሽ እንጫወት" ብለው ይመልሷቸዋል። ወራት እንዲህ አለፉ። ሐምራዊት እንኳ "ጎበዝ ፓፓ" ብላ ግንባራቸውን ሳመች።

በጥር አንድ ከሰዓት ብርዱ ጠና። እትዬ የትነበርሽ ተንቀጠቀጡ። ጋሽ ባዩ ወፍራሙን ጋቢ ከቁም ሳጥን አውጥተው ከራስ እስከ እግር አከናነቧቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ቀረ።

"ሞቀሽ?"

"ሞቀኝ፣ እግዜር ይስጥህ።"

ሾርባ ሊያሞቁ ወጥ ቤት ገቡ። ደወሉ አልጮኸም። ሾርባውን ይዘው ሲመለሱ ሶፋው ባዶ፣ በሩ ክፍት!

በካልሲያቸው ሮጡ። ስሎተርፕላስ ሐይቅ ዳር፣ አግዳሚ ላይ አገኟቸው፤ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው አጠገባቸው ቆሞ አምቡላንስ ይጠራል። ነፍሳቸው አለች፣ ተመስገን፤ ጣቶቻቸው ግን በብርዱ በልዘዋል።

ሐምራዊት ሆስፒታል ደርሳ "ደወሉ ተበላሽቶ ነው?" አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን በዕቃው ያሳብብ ነበር። እሳቸው ግን ተምረዋላ! ገና ባዶውን ሶፋ ሲያዩ ገብቷቸዋል። ጋቢው የገላቸውን ሙቀት ውስጥ አስቀርቶታል፤ ሴንሰሩ ፊት ያለፈው ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው። "ደወሉ ደህና ነው። ደብቄ የሸኘኋት እኔ ነኝ" ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ወይ ነዶ! ባያውቁት ይሻላቸው ነበር፣ እላለሁ እኔ።

ሐምራዊት አልተቆጣችም፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። በየካቲት ዲመን ከሚገኘው መጦሪያ ቤት ክፍል ተገኘ። ጋሽ ባዩ ሚስታቸውን ደግፈው ገቡ፤ ልብስ ሰቀሉ፣ አልጋ አነጠፉ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እትዬ የትነበርሽ አልጋው ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። ጋሽ ባዩ ኮታቸውን ለብሰው፣ መውጣት አቅቷቸው በሩ ላይ ሲገተሩ፣ እትዬ በፈገግታ ብድግ አሉ።

"በጣም ደከሙልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሂዱ እንግዲህ፣ ሳይመሽብዎ። ባለቤትዎ ይጨነቃሉ።"

ጋሽ ባዩ "እሺ፣ እሄዳለሁ" አሉ፤ ሄዱም።