በጎረቤት ቴሌቪዥን ውስጥ የገቡት ሽማግሌ

የድሮው የቴሌግራፍ ክፍል የሚታወቀው በድምፁ ነበር። ሰው ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ፣ ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ጥሬ የሚለቅሙ ዶሮዎች ያሉ ይመስል፣ ቲት ቲት ታ፣ ቲት ታ ይሰማዋል። በዚያ ክፍል ወጣትነታቸውን የጨረሱት ሰው ጡረታ ከወጡም በኋላ ድምፁ ከጆሯቸው አልወጣም። ስለዚህ ከቤት ሆኖ በራዲዮ ለመገናኘት የሚያስችለውን የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አወጡ፤ መኝታ ቤታቸው ጥግ አንድ አሮጌ ማሰራጫ አስቀመጡ፤ ከጣሪያቸው እስከ ግቢው ዛፍ ድረስም ረጅም ሽቦ ዘረጉ። የሰፈሩ ልጆች “ጋሽ ቲቲታ” አሏቸው፤ ስሙም አባታቸው ካወጡላቸው ስም ይልቅ ተጣበቀባቸው።

ሽቦው ግን ለእሳቸው ተራ ሽቦ አልነበረም። በሞገዱ ማዶ፣ በዚያኛው ጫፍ ሰው አለ። ድሮ በሌላ ከተማ ጣቢያ ተቀምጦ ከእሳቸው ጋር መልእክት ይቀባበል የነበረ የሥራ ባልደረባቸው ነው። መልኩን አይተውት አያውቁም፤ የእጁን አመታት ግን ከሺህ ሰው ይለዩታል፤ ረጅሟን “ታ” እንደ ቡና ቤት ወሬ ይጎትታታል። ዛሬ ዓይኑ ደክሞ ማንበብ ትቷል፤ ጆሮውና ጣቱ ግን አልከዱትም። አመሻሽ ላይ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዝናብና ስለ ሞቱ አለቆች ይጫወታሉ። ይህ ጨዋታ ቢቀር ምሽቱን በምን እንደሚገፉት ሁለቱም አያውቁም።

ነገሩ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን በራቸውን ደበደበች።

“ጋሼ፣ ከቴሌቪዥኔ ውስጥ ይውጡልኝ!”

“ምን አልሽ?”

“ድራማው ላይ ልጅቷ ለእናቷ ምስጢሯን ልትነግር አፏን ስትከፍት እርስዎ ቲቲታ ይላሉ! ምስጢሩ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መብራቴስ? በጣት ሲነኩት የሚበራ ነው ብላ ልጄ ሰጥታኝ፣ እርስዎ ሲጀምሩ ማንም ሳይነካው ይበራል፣ ይጠፋል። ትናንት የሙሽራ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ!”

“እህቴ፣ እኔ እኮ ፈቃድ…”

“ፈቃድዎ ቤቴ ይግቡ ይላል? እስከ ቅዳሜ ያንን ሽቦ ያውርዱት። አለበለዚያ መሰላል ተውሼ ራሴ እወጣለሁ።”

“ትወጣለች ደግሞ” አሉ ባለቤታቸው በሩ ሲዘጋ። “የሩቅ ዘመድ ከቅርብ ጎረቤት አይበልጥም ሲባል አልሰማህም? ሩቁን ስታጫውት ቅርቧን አስለቀስካት።”

ጋሽ ቲቲታ ፒንሳቸውን ፈለጉ። የድሮው አለቃቸው “መስመር ሲበላሽ መጀመሪያ የራስህን ጫፍ ፈትሽ” ይሉ ነበር። በማግስቱ የላሉትን ብሎኖች አጠበቁ፤ መሬት የሚገባውን ሽቦ በአዲስ ቀየሩ፤ የማሰራጫውን ኃይልም ቀነሱ። እሳቸው ሲመቱ ባለቤታቸው ሳሎን ትንሿን ራዲዮ ከፍተው አዳመጡ፤ ንጹሕ ነው። ከግድግዳው ማዶ ግን ቡጢ መጣ፤ ዱብ! ዱብ!

እንግዲህ ጥፋቱ ከእሷ ቤት ነው። ይህንን ለተቆጣች ሴት የሚነግር ደግሞ ማን ነው? ባለቤታቸው ማጠር የማያስፈልገውን ቀሚሳቸውን ለማሳጠር ይዘው ሄዱ፤ ብዙ ቆይተው ተመለሱ።

“ሂድ፣ ፈቅዳለች። ብቻ አደራህን፣ እንዳታስተምራት።”

ቴሌቪዥኑ ከክፍሉ አንድ ጥግ፣ የስፌት መኪናዋ ከሌላው ጥግ ነበር። መኪናው ሲንኳኳ ድራማው አልሰማ ስላላት እስፒከሩን አጠገቧ ሰቅላ፣ ሽቦውን በግድግዳው ዙሪያ አምጥታ፣ ትርፉን በልብስ መለኪያ መስታወቷ ላይ እንደ ጌጥ ጠምጥማዋለች። ጋሽ ቲቲታ አይተው ሳቃቸው መጣ።

“ምኑ ነው የሚያስቅዎት?”

“አንቺም እንደኔ አንቴና ዘርግተሻል እኮ። የኔ ያወራል፤ ያንቺ ይሰማል።”

ልብስ ሰፊዋ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ተከተለችው። “ትርፍ ክር ነዋ!” አለች። “ትርፍ ክር ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።”

“በይ መቀሱን አቀብይኝ።”

“የጨርቅ መቀሴን? ለሽቦ? እኔ ሳልሞት!”

ፒንሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሽቦውን አሳጠሩት። ከተጣለ ቴሌቪዥን የነቀሏቸው ሁለት ጥቁር ቀለበቶችም ነበሯቸው፤ አንዱ ለእስፒከሩ፣ አንዱ ለመብራቱ። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ደጋግሞ ሲዞር ሾልኮ የሚገባውን ሞገድ ያፍነዋል። ነገር ግን ጠበቅ ብሎ መጠምጠም አለበት፤ የእሳቸው ጣት ደግሞ ለመምታት እንጂ ለመጠምጠም አልታዘዝ አለ። ሽቦው ላላ፤ ሾለከ።

“ይስጡኝ እስቲ” አለች። “ስንት ዙር?”

“ቀለበቱ እስኪሞላ።”

ክር እንደምታጠነጥን ሽቦውን ጥርቅም አድርጋ ጠመጠመችው። አንዱ ዙር ሌላውን አልረገጠም። ጋሽ ቲቲታ ከአለቃቸው ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ አላዩም ነበር።

ያኔ የድራማው ሰዓት ደረሰ። ከማዶ በመስኮት የባለቤታቸው ድምፅ መጣ።

“ልምታ?”

“ምቺ!”

ባለቤታቸው ሞርስ የሚባለውን የቴሌግራፍ ቋንቋ አያውቁም። ከጡረታው ወዲህ በየምሽቱ ከአልጋ ሆነው ሲሰሙት የኖሩትን አንዱን ምት ብቻ ያውቃሉ፤ እሱኑ በመስኮት በሚሰማው ማሰራጫ ላይ ይደጋግሙት ጀመር። ጋሽ ቲቲታ ዓይናቸውን ከመብራቱ፣ ጆሯቸውን ከእስፒከሩ አልነቀሉም። መብራቱ ቅንድቡን እንኳ አላርገበገበም። እስፒከሩ ውስጥ ከልጅቷና ከእናቷ በቀር ማንም የለም። ወደ ስፌት መኪናዋ የተመለሰችው ልብስ ሰፊ እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

“ታዲያ እህቴ፣ የሽቦውን ነገር…”

“እሽ! ሽቦው ባለበት ይቀመጥ። ዝም ይበሉልኝ ብቻ፣ ልትነግራት ነው!”

ጋሽ ቲቲታ ተነፈሱ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምስጢሩን አብረው ሊሰሙ ጆሯቸውን ሰጡ። ከመስኮቱ ግን ያ ምት አሁንም ይመጣል፤ ቲት ቲት ቲት ታ ቲት ታ። ያን ጊዜ ነው ምቱ ትርጉም የሰጣቸው። ባለቤታቸው የሚያውቁት አንዱ ምት የመሰናበቻው ነበር! ሰዓቱ ደግሞ የሁለቱ ሽማግሌዎች ሰዓት ነው። በዚያኛው ጫፍ ያ ምስኪን ገና ሰላም ሳይባል “ጨርሻለሁ፣ በቃ ጨርሻለሁ” እየተባለ ነው።

ፒንሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ረሱት። ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ምስጢሩን ስትሰማ፣ ጋሽ ቲቲታ ደህና እደሪ እንኳ ሳይሉ ብድግ ብለው ወጡ።