የሙሉወርቅ ጸሎትና የዮአብ ጉልበት

ሙሉወርቅ የልጇን ጉልበት በጸሎት ሰበረችው ይባላል። ወሬው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከዎርዝንግተን ሰፈር ተነስቶ ቤክስሊ እስኪደርስ የተሰበረው ጉልበት ሁለት ሆነ፤ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ እስኪታዘዝለት ደግሞ ወገብም ተጨመረበት። ለማመን ግን ይቸግራል። የሴትየዋ ጸሎት ያን ያህል ፈጥኖ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ "ይህን በረዶ አንሳልን" ስትል ኮሎምበስ ዛሬ ሙዝ ታበቅል ነበር።

ሙሉወርቅ ዲቪ ደርሷት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ የመጣች፣ ቤክስሊ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት። ክሊንተንቪል ከተከራየችው ቤት ጎህ ሳይቀድ ስለምትወጣ፣ ዮአብ ከፍ ካለ በኋላ ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ያመልጠዋል፤ እሱ ይሮጣል። ሰፈሩ እንደሚምለው፣ ቀድሞ ደርሶ ሾፌሩን "ምነው ዘገየህ?" ይለው ነበር። እንዲህ የተጀመረ ሩጫ በሃያ አንድ ዓመቱ መቶ ሺህ ሰው ፊት አቆመው። የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ነው፤ ሥራው ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ፣ እያንዳንዳቸው ፍሪጅ በሚያካክሉ ሰዎች መሀል መሹለክ። ባለፈው ዓመት የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የከተማው አበሻ ኡበር ነጂ በሙሉ በአንድ ቀን አጎቱ ሆነ።

እናቱ ብቻ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። ሰዎቹ ሲከመሩበት ዓይኗን ትጨፍናለች።

አንድ ሐሙስ ንጋት፣ ሰማንያ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በስልክ የሚገናኙበት የቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት መስመር ላይ ገባች። ስልኳን ሚዩት አድርጋ ድምጿን የዘጋች መስሏት፣ መኪናዋ ውስጥ እንባዋን እያፈሰሰች "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ከዚያ ሜዳ አውጣልኝ! እንዴትም አድርገህ አውጣልኝ!" ብላ ጮኸች። ሰማንያው ሰምተው "አሜን" አሉ።

ቅዳሜ ዮአብ ከሜዳው ወጣ፤ በቃሬዛ።

ያቺ "እንዴትም አድርገህ" እንቅልፍ ነሳቻት። የምትንከባከባቸውን አሮጊት ጉልበት ስታሽ ዓይኗን ትጨፍን ጀመር። ቤት ስትገባ የልጇን ዓይን ላለማየት ብቻ ታበላዋለች፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት በግ ጥብስ ቀርቦለት፣ ከጉልበቱ ይልቅ ሆዱ ሐኪም ሊያስፈልገው ምንም አልቀረው። ዳግም ይሩጥ አይሩጥ እርግጠኛ የሆነ ሐኪም ግን አልነበረም።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ጓደኛዋ ሰሎሜ ደወለች።

"ነገ መስመሩ ላይ ለዮአብ ልንጸልይለት ነው።"

"እኔ ልምራ?"

"አንቺማ ዝም በይ፣ እህቴ! አንድ እግር ነው የቀረው፤ እሱን ተይለት!" ሰሎሜ ሳቀች።

ሙሉወርቅ ስልኩን ዘጋች። ዮአብ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

"ማሚ፣ ነገ ሰርጀሪ ከመግባቴ በፊት ትጸልዪልኛለሽ አይደል?"

"በምን አፌ?" አለችና ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። "ዮአብዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከዚያ በኋላ እናቴ አይደለሽም ብትለኝ መብትህ ነው።" ሁሉንም ነገረችው፤ "እንዴትም አድርገህ" ማለቷን፣ የሰማንያውን አሜን ሳይቀር።

ልጁ ክንዱን ተደግፎ ቀና አለ።

"ሐሙስ ነው ያልሽው?"

"ሐሙስ።"

"ማሚ፣ እኔ የተጎዳሁት ረቡዕ ፕራክቲስ ላይ ነው። ጉልበቴ ቋ ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ቅዳሜ ለፕሮ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ሊያዩኝ ይመጡ ስለነበር ለኮቹ አልተናገርኩም። አሰርኩትና ገባሁ። ያኔውኑ ባርፍ ትንሽ ነገር ነበር፤ ሐኪሙ ነግሮኛል።" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "አንቺ እንደዚያ ስትጨነቂ እያየሁ ዝም አልኩ።"

"ቢሆንም ተመኝቻለሁ እኮ፣ ልጄ። ከልቤ ነው የተመኘሁት።"

"ሰሎሜም ትስማ፣ ሰማንያውም ይስሙ" አለ ዮአብ። "ውሸት ነው። በጸሎት የተሰበረ ጉልበት የለም። የሰበርኩት እኔ ነኝ።"